አረንጓዴ ያሳየው ቀበቶ

ክልሉ ገና በተቋቋመበት ጊዜ ባሌ ከአሶሳ ወደ ካማሺ በመምህርነት ተዛወረ። አውቶቡስ ብሎ ነገር የለም። ለአዲሱ ዞን የውኃ ቧንቧ የጫነ የመንግሥት መኪና ተገኘና ከጭነቱ ላይ ወጣን። አብረውን ጥቂት ገበሬዎችና አንድ ሽማግሌ የበርታ ነጋዴ ነበሩ።

ሹፌሩ በገመድ አያስርም። ከውጭ የመጣ ሰፊ ቀበቶ ነበረው፤ እሱን እያሳየ ሲጎርር ብታዩት! ከማጥበቂያው አጠገብ ትንሽ መስኮት አለች። ቀበቶው ሲላላ ቀይ፣ ሲጠብቅ አረንጓዴ ታሳያለች። "እህቴ፣ አረንጓዴ ካየሽ ተኝተሽ መሄድ ነው" አለኝ።

ያን ቀን ግን ቸኩሎ ነበር። ገና ሳያጠብቀው ተሳፋሪው ወጣና፣ ጓዙ እንዳይወድቅበት ሁሉም ያለውን ከቀበቶው ሥር ወሸቀ። ጆንያ በሉት፣ ጀሪካን በሉት፣ የእኛም ፍራሽ አልቀረ። ቀበቶው በጓዛችን ተወጠረና መስኮቷ አረንጓዴ ሆነች። ሹፌሩ አየት አደረጋትና "ይኸው!" ብሎ ጋቢናው ውስጥ ገባ።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አልኩ፣ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። ባሌ ሳቀብኝ። "ደግሞ መኪናውንም ልትነጂ ነው?" አለኝ። የእሱ ነገር እንዲህ ነው፤ ሰው አይጠረጥር፣ ነገር አይፈራ።

ባምባሲን አልፈን ዝናብ መጣ። ዳገት ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ይሽከረከር ጀመር። "ውረዱ፣ ይቅለልልኝ!" አለ ሹፌሩ። ሁሉም ጓዙን እየመዘዘ ወረደ፤ ንብረቱን ለማን አምኖ ይተው? ፍራሹን ያወረደው ባሌ ራሱ ነው። ቀበቶው ላላ፤ መስኮቷን ግን ማን ዞር ብሎ አያት። ባሌ እንደ ሰው ዳር ይዞ አይቆምም፣ "ድንጋይ ላድርግለት" ብሎ ወደ ኋላ ጎማ ሄደ። መኪናው ነጠቅ አለ። ቧንቧው ተንሸራቶ ወረደበት።

ስናወጣው ነፍሱ አለች፤ ከወገቡ በታች ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። "ወደ አሶሳ መልሰን!" ብዬ ጮህኩ፤ ሆስፒታሉ ያለው እዚያ ነው። ቧንቧው መንገዱን ዘግቶታል።

"ገደል ክተተው!"

"የመንግሥት ንብረት ነው፣ እህቴ። አንድ ቢጎድል የምታሰረው እኔ ነኝ።"

"ባሌ እየሞተ ነው፣ አንተ አረመኔ!"

ገበሬዎቹ አንገታቸውን ደፉ። መንግሥት ሲባል ማን ይናገራል? አንዱን ቧንቧ አንስተው ጫኑ፤ ከዚያ ሌላውን። እየሮጡ ነው የሚጭኑት፣ አልዋሽም። ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፣ አልልምም።

እኔ ሣሩ ላይ የባሌን ጭንቅላት ታቅፌያለሁ። ሽማግሌው ጃንጥላውን ይዞልናል። "አይዞሽ እህቴ፣ አላህ ከሪም" ይለኛል። ባሌ ዓይኑን ገለጠና "ፍራሹ ረጠበ እንዴ?" አለ።

"አልረጠበም" አልኩት። ጭቃው ውስጥ ተዘፍዝፎ ነበር።

ሹፌሩ በዚህኛው አልቸኮለም። ቀበቶውን በሙሉ ጉልበቱ አጠበቀ፣ መስኮቷን በእጁ ጠርጎ አያት፣ ከዚያ ላቡ እየተንጠባጠበ ወደ እኔ ሮጠ። "ጠብቋል! ተነሺ፣ ቶሎ እናድርሰው!" አለ።

ሽማግሌው የባሌን ዓይን ከድኖ ጨርሶ ነበር።