ፊርማውን የዘፈነው አባቴ

የሱቄ በር ማጠፊያ ጠዋት ስከፍተው ይጮኻል። ልጆቼ «ዘይት ቀቢው እንጂ፣ ደንበኛ ያባርራል» ይሉኛል፤ እኔ ግን በደብረ ብርሃን ውርጭ ብርድ ልብስ ፍለጋ የወጣ ሰው በማጠፊያ ጩኸት እንደማይመለስ ስለማውቅ አልቀባውም። ደግሞም ያ ድምፅ አባዬ ማሲንቆውን ከግድግዳ አውርዶ፣ ጭራውን ወጥሮ፣ ደጋኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስበው የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዜማ ነው የሚያምረው እንጂ መጀመሪያውስ ማንንም አያስደስትም ነበር።

አባዬ ደምሴ አዝማሪ ነበር። እናቴ ዘነበች በእትዬ በላይነሽ ጠጅ ቤት ጠጅ ትጥል ነበር፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓዳ ገብቼ ብርሌ አጥብ ነበር። በበጋ አመሻሹ ላይ የደሴ መንገድ ሾፌሮች የጣርማ በርን ጉም አልፈው፣ እጃቸውን እያሻሹ ይገቡና፣ አንድ ሁለት ብርሌ ከቀማመሱ በኋላ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጥ ነበር። አባዬም የተሰጠውን አንድ ቃል ሳይጥል ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜምለት ነበር። የሙያው ሕግ ይኸው ነው፤ ግጥሙ የሰጪው፣ ዜማው የአዝማሪው። ቃል የጣለ አዝማሪ ልክ ያጎደለ ነጋዴ ማለት ነው፣ ሁለተኛ አይጠሩትም።

አንድ ታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ግርግር ተነስቶ በረደ። ከዚያ ወዲህ ግን የባለሥልጣኑ ሁሉ ጆሮ ረዘመ። ሁዳዴ ገብቶ ማሲንቆው እንደ ወጉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ፣ ማንኛውም አዝማሪ የሚዘፍነውን ግጥም አስቀድሞ ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት እያቀረበ እንዲያስመረምር ታዘዘ። እኛም ትምህርት ቤት ጋሽ ፍቅሬ፣ በአኮርዲዮን መዝሙር የሚያስተምረን መምህር፣ አንድ ቀን ፊቱ ጠቁሮ ገባና ከእንግዲህ የምንዘምረው ከጽሕፈት ቤት ታይቶ የመጣውን ብቻ መሆኑን ነገረን። ገበሬ በሬ እየነዳ የሚያዜመው የውድማ ዘፈን እንኳ ለሰልፍ ይመቻል ተብሎ ተከለከለ። በሬዎቹን የጠየቃቸው የለም።

አባዬ ማንበብ ስለማይችል ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይዞኝ ሄደ። ዋና ጸሐፊው ወፍራም ካፖርት ደርቦ፣ በትሩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ተቀምጦ ነበር። አባዬ ቆሞ ግጥሞቹን አንድ በአንድ ሲል ጸሐፊው ይጽፍ ነበር፣ ከጻፈውም አብዛኛውን ወዲያው ይሰርዝ ነበር። ከዚህች ሲደርስ ብዕሩን አቆመ፤

ዘንድሮ ብርዱ ጠና፣ ጋቢዬም ሳሳብኝ፣
ግባ የሚለኝ ጠፋ፣ በሩ ተዘጋብኝ።

«ብርዱ ጠና ስትል ምን ማለትህ ነው?»

«ብርድ ማለቴ ነው፣ ጌታዬ።»

«የምን ብርድ?»

አባዬ የጸሐፊውን ካፖርት ከአንገትጌው እስከ ጫፉ አየና «ይኸው እርስዎም የደረቡለት» አለው። ብርዱ ተሰረዘ። መጨረሻ ላይ የቀረችልን እትዬ በላይነሽን የምታመሰግን አንዲት ግጥም ብቻ ነበረች፤ እሷም የታለፈችው ጸሐፊው የእትዬ በላይነሽን ጠጅ ስለሚወድ ይመስለኛል። ማህተም ተመታባት፣ ጸሐፊውም እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ፈረመባት።

ቤት ስንገባ አባዬ ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አጋድሞ «በይ፣ ተቀበል በይኝ» አለኝ። እኔም ወረቀቱን ከአናቱ ጀምሬ አነበብኩለት፤ «ለአዝማሪ ደምሴ፣ ያቀረብከው ግጥም ተመርምሮ ነውር የሌለበት ሆኖ ስለተገኘ፣ በዚህ ወረቀት ካለው ሳትጨምርና ሳትቀንስ እንድትዘፍን ተፈቅዶልሃል።» ከዚያ ግጥሟን አንብቤ ጨረስኩ።

«ከታች ሌላ ነገር የለም?»

«ማህተምና ፊርማ ነው፣ አባዬ።»

«ፊርማው ምን ይላል?»

«ፊርማ አይነበብም። ዝም ብሎ ጥምዝምዝ ነው።»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ፊርማውን በጣቱ ተከተለው። ከላይ ተነስቶ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሁለት ጊዜ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ እንደ በሬ ጅራት ሽቅብ ተወርውሮ ያልቃል። አባዬ ደጋኑን አንስቶ ያንኑ መንገድ በጭራው ላይ ሄደበት፣ ወረደ፣ ተጠመዘዘ፣ ሽቅብ ወጣ፣ ከዚያም «ይኼማ ዜማ ነው እኮ!» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታሳስረን ነው?» አለች እናቴ።

«ሳትቀንስ ይላል እኮ፣ ዘነቡ። የምታሰረው ብቀንስ አይደለም እንዴ?»

ፋሲካ አልፎ ጠጅ ቤቱ ሲሞላ አባዬ መሃል ቆሞ ወረቀቱን ከአናቱ ጀምሮ ዘፈነው። «ለአዝማሪ ደምሴ» የሚለውን እንደ ሙሾ አንጎራጎረው፣ «ነውር የሌለበት» የሚለውን እንደ ፍቅር ዘፈን አለሳለሰው፣ እትዬ በላይነሽን አመሰገነ፣ ማህተሙ ጋ ሲደርስ የማሲንቆውን ቆዳ በመዳፉ «ድም!» አደረገው፣ ከዚያም ፊርማውን ለቀቀው። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ቀጥሎ ገባቸው፣ ከዚያ በኋላ ወንበር ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። ግጥም ለመስጠት ብድግ የሚለውን ሁሉ አባዬ በትሕትና እጅ እየነሳ «አልተፈቀደልኝም፣ ጌታው» እያለ እንደገና ወረቀቱን ይዘፍንለት ነበር። ሕግ እንደዚያ ሰሞን ተከብሮ አያውቅም።

ሰኔ ሳይገባ ጠሩት። እናቴ «ብቻውን አልልከውም» ብላ እኔን አስከተለችውና አብረን ሄድን።

«በመንግሥት ማህተም ትቀልዳለህ?» አለው ጸሐፊው።

«ጌታዬ፣ ከወረቀቱ ፈቀቅ አላልኩም። የቱን ቃል ጨመርኩ? የቱንስ ጣልኩ?»

«እስኪ እዚህ በለው!»

አባዬ ማሲንቆውን አንስቶ ዘፈነው። ሁለቱ ተላላኪዎች ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ፊርማው ላይ ሲደርስ ጸሐፊው ጆሮው ድረስ ቀላ፣ የገዛ እጁን አውቆታል። ማሲንቆውን ነጥቆ ዕቃ ቤት አስቆለፈበትና፣ ሁለተኛ በአውራጃው ላይዘፍን በጣት አሻራው ከፈረመ እንደሚመለስለት ነገረው።

«ማሲንቆዬን ወስደው ጣቴንም ይፈልጋሉ?» አለ አባዬ። «ጣቴስ ይቅር።»

ያ ክረምት ከበደን። ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ አባዬ ባዶዋን ሚስማር እያየ ይቀመጥ ነበር፣ ሲመቸው ለነጋዴ የሱፍ ጆንያ ይሸከም ነበር፤ እኔ የብርድ ልብስን ሱፍ የተዋወቅሁት ያኔ በእሱ ጀርባ ላይ ነው። እናቴ አንዳንድ ቀን «አንዲት አሻራ እኮ ናት፣ ደምሴ» ትለው ነበር። እሱ ግን «አሻራዋን ከሰጠሁ ማሲንቆው ዕቃ ሆኖ ነው የሚመለሰው» ይላት ነበር። ዜማው ግን ዕቃ ቤት አልገባም። ሾፌሮቹ ያፏጩት ነበር፣ ረዳቶቹ መኪና ሲያጥቡ ያንጎራጉሩት ነበር፤ ከደብረ ሲና የመጣ አንድ የጨው ነጋዴ እዚያ ልጆቹ ሁሉ እንደያዙት ነገረን። ቃል የሌለውን ነገር አቅርብ ብሎ ማን ይመረምረዋል?

መስከረም ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ጥቅምት ላይ የዘውድ በዓል ሲከበር ዋና ጸሐፊው የክብር እንግዳ ሆኖ መጣ። እኛ በሰልፍ ቆመን፣ ጋሽ ፍቅሬ አኮርዲዮኑን አንግቦ፣ የተፈቀደውን መዝሙር እንዘምር ጀመር። በአንዱ አዝማችና በሌላው መካከል ጥቂት ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነበረች። እዚያች ላይ አንድ ሰው አፉን እንደዘጋ ፊርማውን አንጎራጎረው። ማን እንደጀመረው አልናገርም፣ ነጋዴ ዕቃውን ከየት እንዳመጣ አይናገርም። ከጎኔ ያለችው ተቀበለች፣ ከኋላዬ ያሉት ተቀበሉ፣ ሰልፉ በሙሉ አፉን ገጥሞ ወረደ፣ ተጠመዘዘ፣ ሽቅብ ወጣ።

ጋሽ ፍቅሬ ፊቱ አመድ መሰለ። ያስቆመናል ብዬ ስጠብቅ እኔን አየኝ፣ የክብር እንግዳውን አየ፣ ከዚያም አኮርዲዮኑን ለጥጦ ዜማውን ከእኛ ተቀበለና በሙሉ ድምፁ አነሳው። ያን ጊዜ ነው መዝሙር ያስተማረን ብዬ የማስበው። ጸሐፊው በትሩን ጨብጦ ከወንበሩ ተነሳ። ከጎኑ የተቀመጠው የአውራጃው ገዢ ዞሮ «ምነው፣ ደስ የሚል ዜማ አይደለም?» አለው። ጸሐፊው ምን ይበል? የኔ ፊርማ ነው ይበል? ቆሞ ቆሞ ተቀመጠ፣ ሰው ሲያጨበጭብም አብሮ አጨበጨበ።

በሳምንቱ አንድ ተላላኪ ማሲንቆውን በጆንያ ጠቅልሎ ደጃችን አስቀምጦ ሄደ። አሻራ የጠየቀ የለም። ቆዳውን አይጥ በልታው ስለነበር አባዬ የፍየል ቆዳ ፍቆ አለበሰው፣ የገናን ጾም ጠብቆም በገና ማግስት ጠጅ ቤት ገባና በመጀመሪያ ያዜመው ያቺን የተሰረዘችውን ብርድ ነበር። ጋሽ ፍቅሬን ግን ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ቆላ አዛወሩት፣ አኮርዲዮኑን በአህያ አስጭኖ ሲሄድ እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘነው። የከፈለው እሱ ነው፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ልክ ማጉደል ይሆንብኛል።

ዛሬ ማሲንቆ በትምህርት ቤት ይሰጣል፣ የምስክር ወረቀትም አለው ይላሉ። ጸሐፊው ማን ይባል ነበር ብዬ የዘመን ጓደኞቼን ብጠይቅ ስሙን የሚያውቅ ጠፋ። ባለፈው ዕቃ ጭኜ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ወጣቱ ሾፌር መሪውን በጣቱ እየመታ ያችን ዜማ ያፏጭ ጀመር።

«ምን የሚሉት ዘፈን ነው ልጄ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ እማማ፣ አባቴ ሲያፏጨው ሰምቼ ነው።»

«ፊርማ ነው» ስለው ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ ማፏጨቱንም ቀጠለ። እኔም አልጨመርኩለትም። ያኔ ያችን ለማፏጨት ድፍረት ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ቁልቁለት ይበቃል።