ሰባት ሻንጣ ከመካ እስከ ሹመይሲ

ሐሙስ ከሰዓት፣ ጅዳ

ከጅዳ ወደ መካ ስሄድ ሁልጊዜ ለዑምራ ነበር። ይህን ጉዞ ያስነሣው ግን አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ከወደብ ሥራዬ ስመለስ ባለቤቴ ሙና ስልኩን እንደያዘች በር ላይ ጠበቀችኝ። የደወለችው ዘይነባ ናት። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ ጅዳ ሳፋ ሰፈር ውስጥ እኛ ባለንበት ሕንፃ፣ ምድር ቤት ለሚኖር ቤተሰብ አራት ዓመት ሠርታለች። አሠሪና ዋስ የሆናት ከፊሏ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር እሷ ቀረች። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ጊዜው አለፈ፤ መካ ከአገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ በየቤቱ እየዞረች ታጸዳ ነበር።

“ጋሼ፣ ስድስታችንም ሹመይሲ እስር ቤት ነን” አለችኝ። “ከሥራ ስንመለስ በአንድ መኪና ተያዝን። ቅዳሜ ጠዋት ወደ አገር ያሳፍሩናል። ዕቃችን ሁሉ መካ ቀርቷል፤ በለበስነው ጨርቅ ብቻ ልንገባ ነው።” “የሰዓዳም ሻንጣ እዚያው ነው” አለች።

ሰዓዳ የክፍላቸው ሰባተኛ ነበረች። ከረመዳን በፊት ታማ ሞተች፤ በታላቁ መስጊድ በሐረም ተሰግዶባት እዚያው መካ ተቀበረች። ከዚያ ወዲህ ሻንጣዋን ወደ አገር የሚያደርስ ሰው ሲፈልጉ ቆይተዋል።

ሁለት የፒክአፕ ሾፌሮች ጋ ደወልኩ። ዕቃው የማን እንደሆነ ሲሰሙ ሁለቱም ፈሩ። የእኔ መኪና ደግሞ ባለ ሁለት በር አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነው፤ ሰው ከገባበት ከሁለት ሻንጣ በላይ አይዝም።

“ጣሪያውስ?” አለች ሙና።

ጋሽ ይመር ዘንድ ሄድኩ። የሐይቅ ሰው ነው፤ ጅዳ ውስጥ በብየዳ ሃያ ዓመት ኖሯል። ጣሪያ ላይ የሚገጠም የዕቃ መጫኛ፣ በእኛ አገር ሾፌሮች አነጋገር ፖርቶመጋላ፣ እንዲሠራልኝ ጠየቅሁት።

“ለመቼ?”

“ለነገ ጠዋት።”

“ለነገ ጠዋት በርጩማም አይበየድም!” ብሎ ሊስቅ ሲል ለማን እንደሆነ ነገርኩት። ሳቁን ዋጠና የብየዳ መነጽሩን አነሣ።

እኔ ለካሁ፣ እሱ ቆረጠ። ካሬ ቱቦላሬ ብረት ዙሪያውን ፍሬም አድርጎ፣ መሐሉን በአምስት ተሻጋሪ ብረቶች አያያዘው። እግሮቹን መሐል ጣሪያው ላይ ልናሳርፍ ነው ብዬ ስገምት፣ “ይሄ ቆርቆሮ ነው፤ ይሰረጎድብሃል” አለኝ። “ሸክሙን የሚችለው ጠርዙ ነው።” በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት እግር በይዶ፣ የጣሪያውን የውሃ መውረጃ ጠርዝ በብሎን ቆንጥጠው እንዲይዙ አደረጋቸው። ቀለሙን እንዳይፍቁት ከአሮጌ ጎማ የቆረጥኩትን ላስቲክ ከሥራቸው ወሸቅን። ስንገጥመው የኋላው ግራ እግር በሁለት ጣት አጠረ። ስህተቱ የእኔ ልኬት ነው። ጋሽ ይመር ብየዳውን በመዶሻ ነቅሎ እንደገና ሠራው። ከመግሪብ ሰላት በኋላ ጸረ ዝገት ቀለም ቀባነው። በመጨረሻ ራሱ ላዩ ላይ ወጥቶ መሐሉ ላይ ቆመና በእግሩ ወዘወዘው። አልተነቃነቀም።

ዓርብ ጠዋት፣ መንገድ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሙና፣ ጋሽ ይመርና እኔ ተነሣን። ከከተማው ስንወጣ ነፋሱ ብረቶቹ መሐል እየገባ ያፏጭ ጀመር፤ ፍጥነቴን ቀነስኩ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ግራና ቀኙ ሣር የማያውቅ ቡናማ ኮረብታ። በየሃያ ኪሎ ሜትሩ ጋሽ ይመር ያስቆመኝና ብሎኖቹን በቁልፍ ያጠብቃል። በመንገድ ዳር ምግብ ቤት በአሥር ሪያል ፉልና ኹብዝ ዳቦ ለሦስት በላን። ሙና አንድ ጉርሻ ቀምሳ ተወችው።

ፍተሻው ላይ ፖሊሱ መኪናውን ዞሮ አየው።

“ምን ልትጭን ነው?” አለኝ በዓረብኛ።

“ወደ አገራቸው የሚሄዱ ሴቶችን ሻንጣ።”

ኢቃማችንን አይቶ መለሰልን። “አላህ ያድርሳቸው። ያላ!”

መካ

ክፍሉ ያለው ተራራ ወገብ ላይ ነው፤ መኪና አይደርስበትም። ቁልፉ ጎረቤታቸው ሐያት ዘንድ ነበር። በሩን ስትከፍትልን ስድስት ፍራሽ ተነጥፎ አየን፤ ማሰሮ ውስጥ የተረፈ ሩዝ ሻግቷል። ሻንጣዎቹ ግን ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል፤ ሁሉም ታስረው፣ ስማቸው በፕላስተር ላይ ተጽፎባቸዋል። ለዚህ ቀን ከስንት ጊዜ በፊት እንደተዘጋጁ አላወቅሁም። በሰባተኛው ላይ “የሰዓዳ፣ ለእናቷ” ይላል።

ሙና ፍራሹ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሐያትም፣ “እኔም ሻንጣዬ ታስሯል” አለች ቀስ ብላ።

ደረጃውን አራቴ ወረድን። ጋሽ ይመር ከባድ ከባዶቹን ከፊት አድርጎ ጣሪያው ላይ በገመድ ጠፈራቸው። በሰፈሩ መስጊድ ጁሙዓ ሰግደን ተመለስን።

ሹመይሲ

በር ላይ የነበረው መኮንን ወጣት ነው። ዝርዝሩን አየ፣ ሻንጣዎቹን ቆጠረ።

“ስድስት ስም ነው ያለኝ። ለአንድ ሰው አንድ ሻንጣ።”

“ሰባተኛዋ ሞታለች” አልኩት። “ይህ ለእናቷ ነው።”

“አላህ ይዘንላት። ግን ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለን ሻንጣ አውሮፕላኑ አይቀበልም፤ በእጄ አይደለም።” ጥቂት አሰበና፣ “አንዷን ልጥራልህ፤ ተነጋገሩ” አለኝ።

ዘይነባ ከብረቱ ፍርግርግ ጀርባ መጣች፤ ከስታለች። ሙና ጣቶቿን በፍርግርጉ አስገብታ ያዘቻት። ነገሩን ስነግራት ዓይኗ በሻንጣዎቹ ላይ ዞረና የራሷ ላይ ቆመ። ለአባቷ የገዛችው ጋቢና ለእህቶቿ የሰበሰበችው ልብስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

“የእኔን መልሱት” አለች።

“ቆይ እንጂ” አለች ሙና፣ “የሰዓዳን ከፍተን ጥቂት ልብስሽን እንጨምርበት።”

“አይከፈት፣ እታለም። እኛ እንዳሰርነው እናቷ ትፍታው።”

“ባዶ እጅሽን አባትሽ ፊት ልትቆሚ?”

“እኔ በእግሬ እገባለሁ። እሷ በምን ትግባ?”

ጋሽ ይመር ፊቱን አዞረ። እኔ የዘይነባ ስም ያለበትን ፕላስተር ከሻንጣዋ ልጬ የሰዓዳ ሻንጣ ላይ ለጠፍኩት። መኮንኑ ይህን ሁሉ አየ፤ ግን ስድስቱን ተቀበለን።

ቤት

ፀሐይ ስትጠልቅ ሳፋ ገባን። የዘይነባን ሻንጣ ሙና መኝታ ቤታችን አስቀመጠችው፤ በሳምንቱ ኮምቦልቻ ለሚሄድ ሰው ሰጠነው። የወደብ ሰው ነኝ፤ ዕቃ ሲጫንና ሲራገፍ ስንት ዓመት አይቻለሁ። ምንም የሌለው ሰው ያለችውን ለሌላ ሲያስቀድም ግን በዚያ ፍርግርግ ሥር አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ “የለኝም” የሚለው ቃል ከአፌ ቶሎ አይወጣም።

ዘይነባ የደወለችልን አገር በገባች በአምስተኛው ቀን ነው። ከአባቷ ቤት በፊት የሰዓዳ እናት ዘንድ ሄዳለች።

“እናትየው ሻንጣውን ወዲያ አስቀመጠችው፤ አልፈታችውም” አለችኝ። “‘የልጄን ገላ ማን አጠበ?’ ብላ ጠየቀችኝ። ‘እኔ ነኝ፣ እማ’ አልኳት። ሁለቱንም እጆቼን ይዛ ሳመቻቸው።”