ከኦቤትስ የመጣው ሞተር

ባለቤቴ ከቤት ሲወጣ ሞተሩን ይዞ ወጣ። ቀልዴን አይደለም። ስንፋታ ዳኛዋ መኪናው የእኔ እንዲሆን ስትፈርድ ስለ ውስጡ ምንም አላነሳችም። እሱም ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት ጓደኞቹን ሰብስቦ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ መሪውን ሳይቀር ነቃቅሎ ወሰደው። ከሥራ ስመለስ ጋራዡ ውስጥ የጠበቀኝ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ባዶ ላሜራ ነበር። ደውዬ ስጮህበት ሳቀ። «የጠየቅሽው መኪናውን አይደል? ቆርቆሮውን እየገፋሽ ኑሪ እንግዲህ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

መኪናው ድራግ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው አጭርና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚፈተለኩበት፣ ከእኔም ከእሱም ዕድሜ የሚበልጥ አሮጌ መኪና። በትዳራችን ዘመን ቅዳሜና እሑድ የመኪናው ነበር። ጋሃና አጠገብ ካለው ኤርፖርት መንገደኛ በሻትል መኪና ሳመላልስ ውዬ ስገባ ባሌን የማገኘው ከመኪናው ሥር ተንጋሎ ነው። መኪናውን አልወደውም ነበር፤ እንደ ጣውንት ነበር የማየው። ሞተሩ ሲወሰድ ግን ወደድኩት። ሰው በእልህ ብቻ መኪና ሊወድ እንደሚችል ያኔ ነው የገባኝ።

እሱ ከዚያ ሌላ ተመሳሳይ መኪና ገዛ፤ ያንኑ ጥቁር ቀለም ቀባውና የወሰደውን ሞተር ገጠመለት። «ዋናው እኔ ጋ ነው፤ እሷ ጋ ያለው ቅርፊቱ ነው» እያለ በአበሻው ሁሉ ፊት ደረቱን ነፋ። እኔም ዝም አላልኩም። በየክርስትናው፣ በየለቅሶው፣ ሰው ሁለት ሆኖ በተቀመጠበት ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ ስሙን አጠፋሁ። ሲብስበት ሽማግሌ ላከብኝ።

ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎኔ መሃል ቆመው አንቀመጥም አሉ። የሁሉም ታላቅ የሆኑት፣ «ልጄ፣ እሺ ካላልሽን እንዲሁ እንደቆምን ነው የምንሄደው» አሉኝ።

«ምን ልበል ጋሼ?»

«ስለ መኪናው ከእንግዲህ አንድም ክፉ ቃል ከአፍሽ አይውጣ። ለእኛ ስትይ።»

ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ሽማግሌ አቁሞ መመለስም ነውር ነው። «እሺ» አልኩ። ተቀመጡ፣ መረቁኝ፣ ምሳ ቀረበ። ቃል ያስገቡኝ ስለ አፌ ነው፤ ስለ እጄ ማንም አልጠየቀኝም። በማግስቱ ብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ ጋራዥ ገባሁ።

ሐሳቤ አንድ ነበር፦ መኪናውን በትክክለኛ ዕቃው ሙሉ አድርጌ እሱ ባለበት፣ ሰው በተሰበሰበበት ማቆም። ግን ትክክለኛ ዕቃው ምን እንደነበረ ለማወቅ የመጀመሪያ ባለቤቱን ማግኘት ነበረብኝ። የድሮ ተወዳዳሪዎች ስማቸውን በሩ ላይ ይጽፉ እንደነበር ሰምቻለሁና፣ የግራውን በር በውኃ እያራስኩ መፋቅ ያዝኩ። ከጥቁሩ ሥር ቀይ ወጣ። ከቀዩ ሥር ነጭ ፊደላት ብቅ አሉ፤ የአንድ ሰው ቅጽል ስም፣ ከታቹ ደግሞ «ኦቤትስ»። ከከተማችን ዳር ያለው፣ ግማሹ አበሻ መጋዘን ውስጥ ሳጥን የሚጭንበት ኦቤትስ! እኔም ከኤርፖርቱ በፊት እዚያው ወገቤ እስኪቆረጥ ሠርቻለሁ።

ኦቤትስ ሄጄ አንድ ጎማ ጠጋኝ ቤት የበሩን ፎቶ ሳሳይ፣ ሽማግሌው ባለቤት ቅጽል ስሙን ወዲያው አወቀው። ባለ ስሙ ተወዳዳሪ ሞቷል፤ ሚስቱ ግን ሁለት መንገድ አልፎ ባለው ቤት ትኖራለች። አንኳኳሁ። አሮጊቷ ፎቶውን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች፤ ያንን ጽሑፍ በሩ ላይ የጻፈችው ራሷ ነበረች።

«ሞተሩስ የት ደረሰ?» አለችኝ።

የቀድሞ ባሌ ጋ እንዳለ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ያ ሌላ ሞተር ነው። ዋናው ውድድር ላይ ተሰነጠቀ። ባሌ መኪናውን የሸጠው ሌላ ገጥሞለት ነው፤ ያንን መጣል ግን አልሆነለትም» ብላ ወደ ጋራዧ ወሰደችኝ። የገና ጌጥ የሞላባቸውን ካርቶኖች አነሳን፤ ሸራውን ገለጥን። ሞተሩ እዚያ ነበር።

እንዲህ ባለ መኪና ፋብሪካው ሞተሩ ፊት ላይ ቁጥር ይመታል፤ ከአካሉ ቁጥር ጋር ከገጠመ አብረው የተወለዱ ናቸው ማለት ነው። ባሌ የወሰደው ሞተር ላይ ያ ቦታ ተፍቆ ልሙጥ ሆኖ ነበር፤ «የውድድር ሞተር እንዲህ ነው» ይል ነበር፣ ሰውም ያምነዋል። እዚህ ግን ቅባቱን በጨርቅ ስጠርግ ቁጥሩ አንድ በአንድ ወጣ። ስልኬ ላይ ከያዝኩት የአካሉ ቁጥር ጋር ገጠመ። እልል ማለት አማረኝ፤ የሟች ቤት መሆኔን አስቤ ዋጥኩት። የመጣሁበት መኪና ውስጥ ገብቼ ግን እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የተኩራራው በቅያሪ ሞተር ነበር!

አሮጊቷ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ባሏ ይጨብጠው የነበረውን መሪ ሁሉ ሰጠችኝ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰው ፊት ስታስነሺው ልስማው።»

ክረምቱን ሙሉ ሠራሁ። የተሰነጠቀው ሲሊንደር ካኒያ የሚሉት የብረት ቱቦ ገባለት፤ የቀረውን ከቪዲዮ እየተማርኩ በእጄ አጠብኩ፣ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ጣቶቼ በብርድ ሲደነዝዙ የእሱን ፊት አስብና እንደገና መፍቻዬን አነሳለሁ። ይህን ስጽፍ አላፍርም። ጸሎት የሚያበረታው ሰው አለ፤ እኔን ያበረታኝ ቂም ነው።

በበጋው አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች ዎርዝንግተን ከሱቆች ጀርባ ባለው ፓርኪንግ ሲሰበሰቡ፣ መኪናውን ሳላስነሳ በተጎታች አስጭኜ አምጥቼ ሆን ብዬ ከእሱ መኪና ጎን አስወረድኩ። አሮጊቷን ታጣፊ ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። በሩ ላይ የእሷ ፊደላት ይነበባሉ። እሱ ከአበሻ ጓደኞቹ ጋር ፈገግ እያለ መጣ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። በጨርቅ የሞተሩን ቁጥር ጠረግኩና ከፊቱ ዞር አልኩ።

ጎንበስ ብሎ አነበበ። የአካሉን ቁጥር ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ደግሞ አነበበው። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጓደኞቹ ወደ መሬት አዩ። ሄዶ የራሱን መኪና ኮፈን ቀስ አድርጎ ዘጋው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያ ሁሉ ብርድ፣ ያ ሁሉ ድካም ለዚያች ደቂቃ ነበር፤ ጠጣኋት።

ከዚያ ግን ተመልሶ መጣ። «አንዴ አስነሺልኝ» አለ። ጨምሮም፣ «እባክሽ» አለ። ያንን ቃል በትዳራችን ዘመን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

«የማስነሳው ለእሷ ነው» አልኩት፣ ወደ አሮጊቷ እያሳየሁ። «አንተ ስትሄድ።»

ይለምናል፣ ይጨቃጨቃል፣ ሰው ፊት ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ለዚያም ተዘጋጅቻለሁ። አሮጊቷ አማርኛ ስለማትሰማ ፈገግ ብላ፣ «አንተም የባሌን ሞተር ልትሰማ መጣህ?» አለችው በእንግሊዝኛ። እሱ አያት። ዝቅ ብሎ እጇን ጨበጠና፣ «ባለቤትዎ ጎበዝ ነበሩ» አላት። ከዚያ የራሱን መኪና እዚያው ትቶ በእግሩ ሄደ።

መንገዱ ዳር እስኪደርስ ጠበቅኩ። እዚያ ሲደርስ፣ ሳይዞር፣ በሁለት እጁ ጆሮውን ደፈነ። የከለከልኩትን ድምፅ ላለመስማት ነው፤ ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም።

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ፓርኪንጉ ተንቀጠቀጠ፤ አሮጊቷ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ግን መንገዱን ነበር የማየው። ሞተር መስረቁን፣ ሰው ፊት ማዋረዱን አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል። እንደዚያ በጨዋነት መሄዱን ግን ይቅር አልለውም።