የዐለቱ ከበሮ

ከባሌ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር አጎበር ማጠፍ ነበር። እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ ባሮ ዳር ባለ ሰፊ ድንጋይ ላይ ቆመን እሱ ሁለቱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሁለቱን። አሸዋውን አራገፍን፣ ለሁለት አጠፍነው፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ጫፎቹን ይዞ ወደ እኔ መጣና እጄ ላይ አስረከበኝ። «ያንቺ ወገን ሁልጊዜ ያጥራል» አለኝ። የሚያጥረው እሱ ስለሚጎትተው መሆኑን ነገርኩት። አጎበሩን ከረጢት ውስጥ ከተትኩት፤ እሱ ሸሚዙን ማውለቅ ጀመረ።

ይህን የምጽፈው በጥቂት በጥቂቱ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ብቻ ይወጣኛል። አንዳንድ ቀን የትናንቱን አንብቤ እተወዋለሁ።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ብዙ አልቆየም ነበር። በየግቢው አዲስ ቢሮ ይከፈት ነበር፤ ትናንት የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ዛሬ ማኅተም ያለው መሥሪያ ቤት ሆኖ ይታያል። ባሌ ግን ሥራው ከዚያም በፊት ያው ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያው። ሻንጣ ያወርዳል፣ ይጭናል፤ አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ደግሞ ቀድሞ ሜዳውን እየዞረ ፍየልና ከብት ያባርራል። በዚህም የተነሳ ጓደኛው፣ ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው ሙስሊም ነጋዴ፣ «አብራሪው» ይለው ነበር። ባሌም በተራው ከጅማ ወዲያ ርቆ የማያውቀውን ያንን ሰው «ሐጂ» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ ተለጠፈበት፤ ደንበኞቹ ሁሉ ሐጂ ይሉት ጀመር፣ ሚስቱ ሳትቀር።

እኔና ባሌ ሁለታችንም እዚሁ የተወለድን አኙዋዎች ነን። ቤታችን በቋንቋችን እናወራለን፣ ከሐጂና ከሚስቱ ጋር በአማርኛ። አማርኛን የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው፤ ኋላ መምህርት ሆኜ የማስተምረውም እሱኑ ሆነ።

ያ ጊዜ ሚያዝያ ነበር። የሚያዝያን ሙቀት ጋምቤላ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። ከባሌ ጋር አብሮ ያደገ አንድ ጓደኛው ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ ሹፌር ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። አለቃው ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደ፤ መኪናዋ ለእኛ ተረፈች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስታችን፣ ሹፌሩ፣ ሐጂና ሚስቱ፣ እኔና ባሌ፣ ከድስትና ከአጎበር ጋር ተጭነን ወጣን።

ከከተማው በላይ፣ ደጋው ላይ ወዳለችው ቡሬ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ባሮ በዐለት መካከል የሚጠብበት ቦታ አለ። እዚያ ከገደሉ ሥር ዋሻ አለ፤ አፉ ከውሃ በታች ነው። በበጋ፣ ውሃው ሲያንስና ሲጠራ፣ ትንፋሹን ይዞ ጠልቆ የገባ ሰው ውስጥ አየር ያለበት ክፍል ያገኛል። ባሌና ሹፌሩ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይገቡበት ነበር። ሥርዓቱ ቀላል ነው። የገባው ሰው ድንጋይ አንስቶ ግድግዳውን ይመታል፤ ያ «ደረስኩ» ማለት ነው። ውጭ ያሉት ዐለቱ ላይ ጆሯቸውን አድርገው ይሰሙና እነሱም መልሰው ይመታሉ፤ ያ ደግሞ «ሰማንህ» ማለት ነው። ሌላ ምልክት አልነበረም። ሌላ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበም አልነበረም።

ቅዳሜ ሁለቱም ገብተው ወጡ። ውሃ የሚፈራው ሐጂ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆሞ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀ። ባሌ ሱቅ እንዳለ፣ ስኳርም ሐጂ ከሚሸጥበት በግማሽ ዋጋ እንደሚሸጥ ነገረው። የሐጂ ሚስት፣ ባሏን ሳቅ ብላ እያየች፣ እንግዲያው እኔም መዋኘት ልማር አለች። ዓሣ ጠብሰን በላን። ማታ ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ነበር፤ እላዩ ላይ ተኛን።

እሑድ ጠዋት አጎበሩን ካጠፍን በኋላ ቤተ ክርስቲያን መቅረታችን ትዝ አለን። ባሌ የቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ መቺ ነበር፤ እኔ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። ያን ዕለት ከበሮውን ማን ይመታዋል ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና ሳቀ።

«እኔ ከውስጥ እመታለሁ፣ እናንተ ከውጭ ዘምሩ» አለ።

ሹፌሩ ቅዳሜ እግሩን ድንጋይ ቆርጦት ስለነበር ውጭ ቀረ። ባሌ ጠለቀ። ብዙም ሳይቆይ ምቱ ከዐለቱ ውስጥ መጣ። ጆሮ ማስጠጋት እንኳ አላስፈለገም፤ መዳፋችንን ዐለቱ ላይ ብናደርግ ይሰማን ነበር። መዝሙሩን ወዲያው አወቅነው። እኔና ሹፌሩ በቋንቋችን ዘመርን። ሐጂ እያጨበጨበ፣ መስጊድ ይህን ቢሰማ ጉዴ ነው አለ። ሚስቱ ኩባያዎቹን ውሃው ዳር እያጠበች ዜማውን ታንጎራጉር ነበር።

አንዱ መዝሙር አለቀ፤ ሌላ ጀመረ። ከዚያ ምቱ መፍጠን ጀመረ። ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። «ዛሬስ ምቱ ጠፋበት» አለ። እኛም እሱን ለመከተል አፈጠንን። እሱ ሲያፈጥን እኛ አፈጠንን፤ ቃላቱ እስኪቆራረጡብን፣ ሳቅ እስኪያቋርጠን ድረስ። ደስ ብሎት የሚጫወት መስሎን ነበር።

«ሳሙናዬን ማን አነሳው?» አለች የሐጂ ሚስት።

ማንም አላነሳውም። ሳሙናውን ያስቀመጠችበት ድንጋይ ራሱ አይታይም ነበር። ያኔ ውሃውን አየነው። መልኩ ተለውጦ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ነበር፤ ላዩ ላይ ቅጠልና አረፋ ይዞ ይወርዳል። ሰማዩ ግን ንጹሕ ነበር፣ ደመና የሚባል የለም። ዝናቡ የዘነበው ላይ ደጋው ውስጥ ነው፣ በቡሬና በጎሬ በኩል። ጋምቤላ ያደግን ሰዎች ባሮ እኛ ባላየነው ዝናብ እንደሚሞላ እናውቃለን። የምናውቀው ግን ከተማው ውስጥ ነው፤ ወንዙ ሰፊ በሆነበት፣ ቀስ እያለ ዳርቻውን በሚበላበት። በጠባቡ ቦታ እንዴት እንደሚሞላ ማናችንም አይተን አናውቅም ነበር፤ እዚያ የምንሄደው በበጋ ብቻ ነዋ።

ሹፌሩ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ዘለለ። ውሃው ወደ ታች ወሰደው፤ በዳር ተመልሶ ደግሞ ዘለለ። ሐጂ ከመኪናው ገመድ አመጣና ሹፌሩን ወገቡ ላይ አሰረው፤ ያ ውሃ የሚፈራ ሰው ገመዱን ይዞ እስከ ደረቱ ገባ። ሹፌሩ በወጣ ቁጥር እናየው ነበር፣ እሱ ግን ቀና ብሎ አያየንም። በመጨረሻ ድንጋዩን ይዞ አንገቱን ደፋ።

«የዋሻውን አፍ አጣሁት» አለ። «እዚያው ነበር። አፉን አጣሁት።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ምቱ አልቆመም ነበር። እኔ ጆሮዬን ዐለቱ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። አሁን መዝሙር አልነበረውም። የማውቀው ምልክት አንድ ብቻ ነው፣ ሰማንህ የሚለው። ድንጋይ አንስቼ እሱን መታሁ። ያለ ማቋረጥ እሱኑ መታሁ። የእኔ ድንጋይ ከእሱ ድንጋይ ጋር እየተቀላቀለ፣ የቱ የማን እንደሆነ መለየት የቸገረኝ ጊዜ ነበር። ስለዚህ የእሱ መቼ እንደቆመ በትክክል አላውቅም። እኔ ስቆም ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ሐጂ እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ አጠገቤ ተቀመጠ። «እህቴ፣ ተነሺ» አለኝ። ደክሞት እያረፈ ነው አልኩት።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ባሮ እስከ ታኅሣሥ ወደዚያ ቦታ ሰው አያስጠጋም። ባሌ በዐለቱ ውስጥ፣ እኔ ከተማ ውስጥ ክረምቱን ከረምን። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጥተው ተነጋገሩ። ጸሎት ማድረግ ይቻላል ተባለ፤ ቀብር ግን ያለ አስከሬን እንዴት ይሆናል? አንዱ ይሆናል ሲል ሌላው አይሆንም አለ፤ ወንዙ እስኪጎድል እንጠብቅ በሚለው ተስማሙ። የባሌ እናት ከገጠር መጥታ እኔ ጋ ተቀመጠች። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ሴቶች በር ላይ ቆማ መለሰቻቸው።

«ልጄን ሳላይ አላለቅስም» አለቻቸው።

እኔም እሷን እያየሁ አላለቀስኩም። ሰው ቤታችን መጥቶ ምን እንደሚል ስለማያውቅ መምጣት ተወ። ሐጂና ሚስቱ ብቻ ቀጠሉ። እሱ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ወደ ጓዳ ገብታ የተገኘውን ሥራ ትሠራለች፤ ሲመሽ ይሄዳሉ። ክረምቱን ሙሉ ተስፋ አልነበረኝም፤ በሕይወት ይኖራል ብዬም አላሰብኩም። የፈለግሁት ወጥቶ እንዲቀበር ነበር። መሬት ላይ አንድ ቦታ እንዲኖረው፣ እናቱም እዚያ እንድታለቅስ።

በታኅሣሥ ውሃው ጎደለ። ሹፌሩና ዓሣ አጥማጆች ሄዱ። እኔና እናቱ ያጠብነውን አንሶላ ልከን ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ አንሶላው እንደታጠፈ ተመለሰ። ዋሻው ባዶ ነበር። ከጀርባው በኩል፣ ከዚህ በፊት ያላስተዋሉት፣ ውሃ የሚወጣበት ሌላ ክፍተት አለ፤ ሲሞላ በዚያ በኩል ወንዙ ወስዶት ይሆናል አለ ሹፌሩ። ሌላ ያየው ነገር ካለ እንዲነግረኝ ለመንኩት፤ ነገረኝም። ግድግዳው ላይ የድንጋይ ምት ነጭ ምልክት አለ። ከታች ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ እስከ ጣራው።

ሐጂ ከወንዙ በታች ባለችው ማታር ከተማ ላሉ ነጋዴ ወዳጆቹ በጀልባ መልእክት ላከ፤ ወንዙ ያመጣው ሰው አይታችኋል ወይ ብሎ። ምንም አላየንም የሚል መልስ መጣ። እናቱ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ገጠር ተመለሰች። እስካሁን አላለቀሰችም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አደረገ፤ መዝሙሩ ያለ ከበሮ ተዘመረ። ማንም ሰው ሹፌሩን አልወቀሰውም፤ እሱ ግን ቤቴ ደጃፍ ሲያልፍ በሌላው ጎን ይሄዳል።

መቃብር የለም። ያለው ወንዙ ብቻ ነው፤ ወንዙ ደግሞ የሁሉም ነው። ኒውላንድ፣ እኛ ሰፈር፣ ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ይዘው ወደ ባሮ ይወርዳሉ፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የጠጣሁት ያንን ነው። አልፈርድባቸውም። እኔ አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጉድጓድ እቀዳለሁ። ውሃው ዝገት ዝገት ይላል። ጠዋት ቀድቼ ቤት አስቀምጥና ማስተማር እሄዳለሁ።