ወንድሜ የመረጣቸው ዕቃዎች

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ኮምፒውተሩ እየጋለ እንደሚጠፋበት ነግሮኝ ሱቄ ይዞት መጣ። ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን አሮጌ የማቀዝቀዣ ቅባት ጠርጌ አዲሱን ላደርግ ስል ጣቴን ነካኝ። ግራጫ ነው፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ ጭቃ የሚለጠፍ። ወዲያው የወንድሜ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፤ «የስንዴ ፍሬ የምታህል ብቻ፤ ከዚያ እንዳታልፊ።» ተማሪው ፊቴን አይቶ «ብዙ ብልሽት አለው እንዴ?» አለኝ። ኮምፒውተሩስ ደህና ነበር። እኔ የተናደድኩት በሌላ ነገር ነው። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ እስካሁን አልበረደልኝም።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣለት ቀርቶ ሆሳዕና ውስጥ የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር። የራሱ ኮምፒውተር ኖሮት አያውቅም፤ ግን ተራ ሲጠብቅ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ስለ ኮምፒውተር ዕቃ የማያውቀው አልነበረም። ሐሳቡ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር በገዛ እጁ ገጣጥሞ መጀመሪያ ራሱ ተጫውቶ ሊጠግብበት፣ ቀጥሎ ትንሽ ጌም ቤት ሊከፍትበት ነበር። ተገጣጥሞ የመጣውን መግዛት በእኛ አቅም አይታሰብም። ስለዚህ እየመረጠ፣ አንድ በአንድ ሊሰበስብ ቆረጠ።

ደስታችን ያለው ምርጫው ላይ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ጀምበር ሳትጠልቅ በረንዳው ላይ ደብተር ይዘን እንቀመጣለን። ከጓሮ የእንሰቱ እርጥብ ሽታ ይመጣል፤ ከመንገዱ ወደ ሌሞ ገጠር የሚመለሱት ጋሪዎች ድምፅ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ፕሮሰሰሩን ከፍ ካደረግን የጌሙን ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ዝቅ ይላል፤ ግራፊክስ ካርዱን ከፍ ካደረግን ራሙ ይጎድላል። ከላጲሱ ብዛት ወረቀቱ ሳስቶ ነበር። እኔ ልቤ የሄደው በመስታወት ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ከሚያበራው ኬዝ ጋር ነው።

«መብራት ጌም አያጫውትም» አለኝ እየሳቀ።

«ታዲያ ከምኑ ላይ ነው የምትቆጥበው?»

«ከሚታየው። ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን አልቆጥብም። ለሁሉም ኤሌክትሪክ የሚያድለው እሱ ነው፤ ርካሽ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ይዞት ነው የሚሞተው።»

ለኬዙ አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን አሮጌ ሳጥን አምጥቶ በናፍጣ አጠበውና ጥቁር ቀለም ቀባው። የቀረው ከአዲስ አበባ፣ በሚኒባስ ሾፌር እጅ፣ በየወሩ አንድ አንድ እያለ መጣ። አብዛኛው ያገለገለ ነው። በካርቶን አድርገን አልጋው ሥር አኖርነው። በስተመጨረሻ ግራፊክስ ካርዱ ብቻ ቀረ።

አባቴ እህል ነጋዴ ነው። ዕቃውን «የልጅ ጨዋታ» ይለው ነበር። የእሱ ዓይን ያለው ጎረቤት ላይ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያለው ሁሉ አዲስ ቤት እየሠራ ነበር። ወደዚያ ሰው የሚልከው ደላላ ቤታችን መመላለስ ከጀመረ ሰንብቷል። ወንድሜ ደግሞ «አልሄድም፤ እዚሁ እሠራለሁ» ብሏል።

አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ አጠገቤ ቁጭ አለ። «ልጄ፣ እስቲ ይሄ ወንድምሽ የሚሰበስበው ነገር ምን ምንድን ነው?» አለኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ደስታዬን እንዴት ልናገረው! በመጨረሻ ገባው አልኩ። ደብተሩን ከፍቼ አንድ በአንድ አነበብኩለት፤ ስሙን፣ ጥቅሙን፣ የተገዛበትን ዋጋ። «ጎበዝ» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ያንን እጅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ቅዳሜ ወንድሜ ከሥራ ገብቶ አልጋው ሥር ቢያይ ካርቶኑ የለም። ደብተሩን ገለጠው፤ ያ ገጽ ተገንጥሏል። ሳሎን ወጣ።

«ዕቃዬስ?»

«ተሸጠ» አለ አባቴ። «ዱራሜ ጌም ቤት ያለው ሰው ወሰደው። የጎደለውን ሞልቼ ለደላላው ከፍያለሁ። ሰኞ ትሄዳለህ።»

«ዋጋውን ማን ነገረህ?»

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

ጮኽኩ። አባቴን «ሌባ!» አልኩት፤ እናቴ አፌን በመዳፏ ዘጋችው። ወንድሜ ግን አልጮኸም። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይህ ነው። ቢጮህ፣ ወንበር ቢሰብር፣ እኔን እንኳ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። የተከፈለ ገንዘብ ከደላላ እጅ እንደማይመለስ ያውቃል። የባጃጁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ። እሁድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው በሀዲይኛ ረጅም ጸሎት ጸለዩለት። ቤቱ በሙሉ አሜን ሲል እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

በመንገድ ላይ ታንዛኒያ ከገባ በኋላ ድምፁ ጠፋ። አምስት ወር ታስሮ ነበር። በእነዚያ ወራት አባቴ ጎበጠ፤ እህል መስፈሩንም ለሰው ተወ። አላዘንኩለትም። በኋላ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፣ ሰው ሱቅ ተቀጠረ፣ የራሱን ከፈተ። ቤታችንም ተሠራ። አባቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ልጄን ሰው አደረግኩት» ይላል። ይህን ሲል ምግብ ጥዬ የተነሳሁበት ቀን ብዙ ነው። ሰው አልነበረም እንዴ?

አምና ወንድሜ ለሁለት ሳምንት መጣ። ፀጉሩ ሸሽቷል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ሱቄ ወሰድኩትና በመደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አሳየሁት።

«ምረጥ» አልኩት። «የፈለግከውን። እኔ እገጥምልሃለሁ። ዋጋ እንዳታይ።»

አንድ ግራፊክስ ካርድ አነሳ፣ አገላበጠው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«አሁን ያለውን አላውቀውም» አለኝ። «አንቺ ምረጪልኝ።»

«ያን ጊዜ ዋጋውን እኔ ነኝ…» ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ።

«ልጅ ነበርሽ።»

ይብስ ተናደድኩ። እሱስ ልጅ አልነበረም?

መረጥኩለት። ፓወር ሰፕላዩን ከሁሉ አስበልጬ። ልገጥም ስጀምር መብራት ሄደ፤ ሱቁ በቀንም ጨለማ ነው። ወንድሜ የስልኩን ባትሪ አብርቶ በላዬ ያዘልኝ። አንዱን ብሎን አጥብቄ ቀና ሳልል ብርሃኑ ቀድሞኝ ቀጥሎ ወደምሠራበት ቦታ ይሄዳል። ቀጥሎ የቱ እንደሆነ እኔ አልነገርኩትም። እስክንጨርስ ድረስ አንዴም አልሳተም።