ባየልኝ የስጦታ ጎል አልቀበልም ያለ ዕለት

በመተማ በኩል ባለችው ኮኪት ከተማ ከሰው የማይደበቅ ነገር ሁለት ነው፤ የማን ትራክተር ጭቃ ውስጥ እንደቀረና ባየልኝ ጎል አግብቶ እንደማያውቅ።

ሰውዬው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሦስት ክለብ ተከላካይ ሆኖ እንጀራውን በልቷል። ስንቱን ፈጣን አጥቂ እንደታጨደ ሰሊጥ አጋድሞታል። ጎል ግን የለውም። አይ፣ ውሸት አያሻም፤ አንድ አለው፤ እሱንም ያገባው በገዛ በረኛው ላይ ነው። የዚያን ዕለት ስርጉት ሻይ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ፊት የተኮለኮለው ሁሉ ማን ላይ እንደገባ ሳያጣራ ተነሥቶ ጨፈረ። ስርጉት እንደምትምለው ሦስት ብርጭቆ ተሰብሯል።

«በግንባርህ ስትገጫት እንዴት ታምር ነበር!» ትለዋለች እስከ ዛሬ። «የማን ጎል እንደሆነ እኛ ምን ቸገረን!»

በሠላሳ አምስት ዓመቱ ቀኝ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። ታኬታውን በፌስታል ቋጥሮ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። አንዱ «ጉልበቱ ውስጥ ብረት ገብቷል፤ ሲራመድ ይንቃጨላል» አለ። ሌላው ሲንቃጨል በጆሮው ሰማ።

አገሬው ግን ክፉ አይደለም፤ ከኳስ በክብር ሊሸኘው ፈለገ። የሽኝት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰሊጥ ነጋዴው ጋሽ ጌጡ ሰብሳቢ ሆኑ። ጋሽ ጌጡ የያዙት ነገር ሁሉ ትልቅ ካልሆነ አይጥማቸውም። የሳንጃ ቡድን ተጋበዘ። በሬ ተገዛ። ባየልኝ ኳስ ሲመታ የሚያሳይ ሥዕል ያለበት፣ «ግብ አስቆጣሪያችን» የሚል የስድስት ሜትር ሸራ ታተመ።

ሸራው ላይ የተጻፈው ውሸት እንዳይሆን ደግሞ አንድ ነገር በስውር ተመከረ። በስውር ማለት እንግዲህ ስርጉት ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዳኛው ሪጎሬ ይሰጣል፤ ባየልኝ ይመታል፤ የሳንጃ በረኛ በግራ በኩል ይወድቃል። ስርጉት ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ለባየልኝ ነገረችው።

ባየልኝ ቀጥ ብሎ ጋሽ ጌጡ መጋዘን ሄደ።

«ጋሽ ጌጡ፣ በረኛው በየት በኩል ነው የሚወድቀው?»

ጋሽ ጌጡ ሳቁ። «ሰምተሃላ! በግራ። አንተ በቀኝ በኩል ቀስ አድርገህ ላካት። ጉልበትህን እንዳታስቸግረው።»

«አልመታም።»

«እንዴት አትመታም? በሬው ተገዝቷል እኮ!»

«እንግዲያው በሬው ይምታ።»

«ስማ ልጄ» አሉ ጋሽ ጌጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ለሳቸው ዝቅ ማለት መንገድ ተሻግሮ የሚሰማ ማለት ነው። «ሳንጃዎች ምን እንደሚሉን ታውቃለህ? ‹ኮኪት ያበቀለችው ኳስ ተጫዋች ጎሉ የት እንዳለ አያውቅም› ይሉናል።»

«ጎሉ የት እንዳለ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? አሥራ አራት ዓመት በሩ ላይ ቆሜ።»

«አንዲት ጎል ብትኖርህ ምን ትጎዳሃለች?»

«የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ጋሽ ጌጡ። ይቺን ከተቀበልኩ ያ ሁሉ ዓመት ሥራ ፈትቼ ነበር ማለት ነው።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ባየልኝ ተከላካይነትን የተማረው ከአሠልጣኝ አይደለም፤ ከግሪሳ ነው። እናቱ ወይዘሮ አዛለች ከአንድ ባለሀብት ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ጎን ሁለት ሄክታር ማሽላ ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይመጣል። እናት በአንደኛው ማማ፣ ልጅ በሌላው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ይቆማሉ። ባየልኝ መጀመሪያ ሰሞን ወፍ ባየ ቁጥር ዓይኑ አብሮ እየበረረ፣ በዚያ ሲያባርር በዚህ እየበሉበት አለቀሰ።

«ወፏን አትከተል፣ አንተ ቂል» አሉት እናቱ። «እሷ ልታሞኝህ ነው የምትገለባበጠው። የምታርፍበትን የማሽላ ራስ ጠብቅ።»

ከዚያ ወዲህ የአጥቂ እግር ሲገለባበጥ፣ ትከሻው ሲሰበቅ፣ ባየልኝ አይቶት አያውቅም። ኳሷን ብቻ ነው የሚያየው። ደግሞም የወፍ ጠባቂ ነገር ይገባዋል። ማሽላው ተርፎ ጎተራ ሲገባ ሰው «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር» ይላል እንጂ «ጠባቂው ጎበዝ ነበር» አይልም። ይኼ ሲያንገበግበው ኖሯል። አሁን ጭራሽ ሌላ ሰው አድርገው ሊሸኙት ነው።

ጨዋታው በኅዳር፣ ከሰሊጥ አጨዳ መልስ ሆነ። ከጎጃምና ከወሎ የመጡት አጫጆች ገና ወደ አገራቸው ስላልገቡ ሜዳው ዳር ሰው በሰው ላይ ቆመ። ሸራው ከሳንጃ ጎል ጀርባ በሁለት እንጨት ተወጥሯል፤ ባየልኝም ለኮኪት ተሰልፏል። ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ፣ ዜሮ ለዜሮ እንደሆኑ፣ አንድ የኮኪት ልጅ ማንም ሳይነካው ወደቀ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ሪጎሬ!

«ባ-የ-ልኝ! ባ-የ-ልኝ!»

ባየልኝ ኳሷን ከሪጎሬው ነጥብ ላይ አነሣት። በብብቱ ይዟት እያነከሰ ሜዳውን አቋርጦ የራሱ ቡድን ጎል ፊት ሄደና ቆመ።

«ወዴት ነው?» አለ ዳኛው።

«ወደ ሥራዬ» አለ ባየልኝና ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ሪጎሬውን እመታለሁ! ግን መጀመሪያ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ኳሷን ይዞ ይለፈኝ። አንድ ብቻ! ያለፈኝ ከሌለ ያ ሸራ ይወርዳል፤ ሁለተኛም ጎል የሚጠይቀኝ ሰው አልሰማም!»

 ከዚያ የኮኪት ሰው ያንን ሁሉ ዓመት በልቡ «እኔ ብሆን አልፈው ነበር» ሲል የኖረ ኖሮ፣ ሰልፉ ከወፍጮ ቤት ሰልፍ በለጠ።

መጀመሪያ አንድ የትራክተር ሾፌር መጣ፤ ኳሷ ቀረች፣ እሱ አለፈ። አንድ የጎጃም አጫጅ ማጭዱን ለጓደኛው አስይዞ ገባ፤ ኳሷንም ጫማውንም ጥሎ ባዶ እግሩን ወጣ። የመተማው ነጋዴ ኡመይር «ወላሂ ዛሬ አለቀልህ!» እያለ ኳሷን ጀለቢያው ውስጥ ደብቆ ሮጠ። ባየልኝ ቆሞ ጠበቀው። ጀለቢያው እግሩ ላይ ሲጠመጠም ኳሷ ራሷ ተንከባላ መጣችለት። ዳኛውም ፊሽካውን ኪሱ ከቶ ሞከረ፤ ሲያቅተው «ፋውል ነው» አለ፤ ሰው በሳቅ ሞተ።

ከዚያ የሳንጃው አጥቂ ይርዳው ገባ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሲሮጥ አቧራው እንኳ አይደርስበትም። ያ የተመከረው ሪጎሬ እሱንም አናዶት ነበርና ቀልድ አልያዘም። «ሽማግሌ፣ ዛሬ አዝዬ ነው የማወጣህ» አለና አብዶውን ጀመረ፤ በግራ አሳየ፣ በቀኝ አሳየ፣ ድንገት ተወነጨፈ። ባየልኝ ጉልበቱ ቢላ እንደሰኩበት ጮኸበት። ቢሆንም በጎኑ ተንሸራተተ፤ ኳሷ ያለ ፋውል ወጥታ ሜዳው ዳር አንዱ አጫጅ እግር ሥር አረፈች። ይርዳው ከወደቀበት ተነሥቶ እጁን ዘርግቶ ባየልኝን አስነሣው።

ጋሽ ጌጡ ላባቸውን ጠረጉ። ሸራቸው ሊወርድ ነው። ያኔ ዓይናቸው ከሕዝቡ መሀል ወይዘሮ አዛለችን አገኘ።

«አላለቀም!» ብለው ጮኹ። «እናቱ ይግቡ! እናቱንማ አያስቀርም!»

ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለ። የስልሳ ሦስት ዓመቷ ወይዘሮ አዛለች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ኳሷን በጎማ ጫማቸው እየገፉ መጡ። ባየልኝ ፊቱ ተለዋወጠ። ቢያሳልፋቸው ያቺን ጎል መምታቱ ነው፤ ቢያስቀራቸው ኮኪት ዕድሜ ልኩን ያወራበታል።

«እማዬ፣ ምነው እርስዎም?»

«ጠብቅ እንጂ ምን ታወራለህ!»

ሁለት እርምጃ ቀርቷቸው በድንገት ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። «ግሪሳ! ግሪሳ መጣ!»

ሜዳው ሙሉ ሰው አንጋጠጠ። ጋሽ ጌጡ አንጋጠጡ። በረኞቹ አንጋጠጡ። ባየልኝ ብቻ አላንጋጠጠም፤ እግሩን ዘርግቶ ኳሷን ከእናቱ ጫማ ሥር ቀስ ብሎ ወሰዳት።

ወይዘሮ አዛለች በባዶ ሜዳ ሁለቴ ተራምደው ቆሙ። ዞር ብለውም አዩት። 

«ብታሳልፈኝ ኖሮ» አሉ፣ «ቤቴ አትገባም ነበር።»

የኮኪት ሕዝብ ያን ዕለት የጮኸውን ያህል ለጎል ጮኾ አያውቅም። ስርጉት ደግሞ አራተኛው ብርጭቆ ተሰበረ ትላለች፤ ሜዳው ላይ ብርጭቆ ከየት እንደመጣ ግን አትናገርም።

ሸራውን ወይዘሮ አዛለች ጠቅልለው ወሰዱት። አሁን ማሽላቸው መሀል በሁለት እንጨት ተወጥሮ ይርገበገባል፤ ባየልኝ ሥዕሉ ላይ እግሩን እንዳነሣ ነው። ግሪሳ ዞሮ ዞሮ፣ አይቶት፣ ወደ ባለሀብቱ እርሻ ይሄዳል። ባየልኝ ማማው ላይ ጉልበቱን አጣጥፎ ተቀምጦ ወደ ማሽላው የሚገባውን ወፍ ይቆጥራል። ዘንድሮ የገባ የለም።