ላስቲክ የለበሰው ማሳ

ሆሹር ሲያለቅስ እንኳ በአንድ ዓይኑ ነው፤ ሌላውን ለከርሞ ይቆጥበዋል ይሉታል። ይህን የሚያወሩት ቦዩ ቀድሞ የሚደርሳቸው የላይኞቹ ናቸው። የሆሹር መንደር ከቦዩ ጭራ፣ የታክላማካን በረሃ አሸዋ ከሚጀምርበት ነው። እዚያ ውሃ የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ጠጥቶ፣ ታጥቦና ተጣልቶበት ካበቃ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ያደገ ሰው ውሃ ቢቋጥር ምን ይገርማል?

በአባቱ ዘመን ጥጥ የሚጠጣው በጎርፍ ነበር። ቦዩን ሰብረው ማሳው ላይ ይለቁና ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሐብሐብ ይበላሉ። በብርዱ ወራት ደግሞ ምንም ያልተዘራበትን ባዶ መሬት አንድ ጊዜ ውሃ ያስተኙበታል። ሆሹር ይህን ባየ ቁጥር አንጀቱ ይቃጠል ነበር።

«ለማን ነው የምታጠጡት? ለአይጥ?»

ስለዚህ የጠብታ መስኖ ሲመጣ ከቦዩ ሰው ሁሉ የቀደመው እሱ ነው። ቀጭን ቱቦ በመስመር ዘረጋ፤ ከላዩ ስስ ላስቲክ አለበሰ፤ ላስቲኩን እየበሳ ዘሩን ጣለ። ውሃው ከታች ጠብ ጠብ ይላል፣ ላስቲኩ ከፀሐይ ይጋርደዋል። የላይኞቹ ለመሳቅ ተሰልፈው መጡ። «ሆሹር መሬቱን ሳይሞት ከፈነው!» አሉ። በመከር ጊዜ ጥጡ ቅርንጫፉን ሲያጎብጠው ግን ሳቁ ቆመ፤ ሐብሐብ ተሸክመው «አስተምረን» የሚሉት በዙ። እሱም አስተማረ። የላይ መንደሩ ኢመር ደግሞ ገና ጀማሪ ገበሬ ስለነበር፣ የመጀመሪያ ቱቦውን የዘረጋለት ሆሹር በገዛ እጁ ነው።

የብርዱንም ውሃ በዚያው ተወው። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ተራውን ሲጠራ፣ ሆሹር ደረቱን ነፍቶ «ለሌላ ስጠው፣ እኔ ጠብታ ይበቃኛል» ይላል። አሥር ዓመት እንዲህ አለ።

ከዚያ ማሳው ነጣ። በመጀመሪያ ቆብ የሚያህል፣ ከዚያ መስገጃ የሚያህል ነጭ ነገር ወጣ። ጨው ነበር። ጠብታው ሥሩን ብቻ ያረጥባል እንጂ ጨውን ወደ ታች አይነዳም። ሚስቱ ታጂጉል ነገር ሆዷ ውስጥ አያድርም።

«አባትህ አይጥ ሲያጠጣ አልነበረም፤ ጨው ሲያወርድ ነበር» አለችው።

ላስቲኩም አለ። ፀሐይ የበላው ላስቲክ ሲጎትቱት ይበጣጠሳል፤ ወገብ ሲደክም ደግሞ ከአፈሩ ጋር ይታረሳል። አሁን አካፋ ቢያስገቡ የሚወጣው ከልብስ ሰፊ ቤት ወለል የተጠረገ ቁርጥራጭ ይመስላል።

ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ዘሩ። የመጀመሪያው ጭራሽ አልበቀለም። በሁለተኛው ታጂጉል በጉልበቷ እየዳኸች፣ ቀዳዳውን ስቶ ላስቲኩ ሥር የተጣመመውን ቡቃያ በፀጉር መርፌ ስታወጣ ዋለች። ከአንድ መስመር ያገኘችው ሦስት ነው፤ ሦስቱም ቢጫ። የቀራቸው ለአንድ ጊዜ የሚሆን ዘር ነው፤ እሱም የመንገድ ዳሩ የእንጆሪ ዛፍ ፍሬ ሳይቀላ መሬት መግባት አለበት። ካለፈ ጥጡን ውርጭ ይቀድመዋል። ይህ ካልበቀለ ደግሞ መሬቱን ትቶ፣ ልጃቸው ያለበት ከተማ ገብቶ የሰው በር መጠበቅ ነው። ሆሹር ጨውን የሚያጥብ አንድ ሙሉ ጎርፍ ፈለገ። የውሃ አባቱ «በዚህ ወር ውሃው የኢመር ነው፣ እሱን ለምነው» አለው።

ኢመር በክብር ተቀበለው፤ ላግማን የሚሉትን በሥጋ የተሠራ የእጅ ፓስታ አስቀረበለት፤ ሥጋውን መርጦ ወደ እሱ ገፋለት። ሆሹር ግን ሳይበላ ነገሩን ጀመረ።

«ኢመር፣ ሁላችሁም በጠብታ ነው የምታጠጡት። የቆጠባችሁት ውሃ የት ገባ?»

ኢመር በመስኮት አሳየው። ድሮ አሸዋ የነበረው ሜዳ ሁሉ ላስቲክ ለብሶ እንደ ሐይቅ ያበራል።

«እዚያ ነዋ፣ ሆሹር አካ፣ ታላቅ ወንድሜ። ጠብታ ይበቃል ያሉን እርስዎ አይደሉ? የተረፈውን ታዲያ እንድፋው?»

«ወደ እኛ ይወርድ ነበር!»

«"ለሌላ ስጠው" ሲሉ ሰማንና ወሰድን። አሁን ያን ሁሉ ማሳ ምን ላጠጣው? ምራቄን?»

ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ ከተራው ግማሽ ቀን ቀንሶ ሰጠው። ውሃው ሃያ ማሳ አልፎ እስኪደርስ ግማሹን ቦዩ ራሱ ጠጣው። የሆሹርን መሬት ሲሶውን እንኳ በቅጡ ሳያረጥብ በሦስተኛው ቀን ደረቀ። ያኔ ከታች የተኛው ጨው ሁሉ እርጥበቱን ተከትሎ ወጣ፤ ከበፊቱ ይልቅ ነጣ። ታጂጉል በጣቷ ነክታ ቀመሰችው።

«ለሾርባ ይሆናል» አለች። አልሳቁም።

ያም ሆኖ ዘሩት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለቱም በሆዳቸው ተኝተው በየቀዳዳው አዩ። ዘሩ አብጦ በስብሷል። መንገድ ዳር ያለው እንጆሪ ቀልቷል።

«ለልጁ ደውዪለት» አለ ሆሹር።

«ምን ልበለው?»

«የሚጠበቅ በር ካለ ጠይቂው።»

እሷ ስልኩን ይዛ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጣች። እሱ ጎንበስ ብሎ ላስቲኩን መጎተት ጀመረ። ክንድ ሳይሞላ ይበጠሳል፤ በተበጠሰ ቁጥር ቁራጩን ይለቅማል። ከእንግዲህ በዚህ መሬት ላይ ማን ምን እንደሚዘራ አያውቅም፤ ቢሆንም ለቀመ።